ስክሪናችንን ማን ያነባል?

(በቆቦ ከተማ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ እፊታችሁ የቆምነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት ልንነግራችሁ ነው። የመቃብር ቦታችን ካርታ እንዲሰጠው አቤቱታ አዘጋጁ ብላችሁ ወክላችሁን ነበር። ከቆቦ ከተማም ከገጠሩም ሁለት መቶ ያህል ሰው ስሙንና ስልኩን ሰጠን። መፈረም የማይችሉ እናቶች በጣታቸው አተሙልን። ያ ዝርዝር በእጃችን የተቀመጠ አማና ነበር። አማናውን ግን በሚገባ አልጠበቅነውም።

የሆነው እንዲህ ነው። ደብዳቤውንም የስም ዝርዝሩንም አንድ የጽሕፈት ቤት ወሰድን። ልጁ ጻፈልን፣ አተመልን፣ ፋይሉን በፍላሽ ወሰድን። ከኮምፒውተሩ ላይ እንዲያጠፋልንም ጠየቅነው፣ ዐይናችን እያየ አጠፋው። ጨርሰናል ብለን ወጣን። ከሳምንታት በኋላ ያው ልጅ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የሌላ ደንበኛ ማመልከቻ ጠፍቶ ባለቤቱ ሲፈልግ የደንበኛውን ስልክ የመጀመሪያ ቁጥሮች ጻፈ። ማሽኑ እነዚያ ቁጥሮች የታዩባቸውን ገጾች ሁሉ ደርድሮ አወጣ። ከመካከላቸው የእኛ ዝርዝር ነበረበት፤ ከነስሙ፣ ከነስልኩ፣ ከነቀኑና ሰዓቱ። አጥፍተነዋል ያልነው ማለት ነው።

ባለቤቱ ሰላይ አልነበረም። ሠራተኞቹ ስንት ገጽ ጽፈው ስንት ብር እንደተቀበሉ ለመቆጣጠር አንድ ፕሮግራም ጭኖ ነበር። ፕሮግራሙ በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፤ በፎቶው ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ይመዘግባል፤ በኋላ ባለቤቱ አንድ ቃል ወይም ቁጥር ሲጽፍለት ገጹን ፈልጎ ያመጣል። ማሽላውን ከወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚወጣን ገበሬ ማንም አይነቅፍም፤ እርሻው የራሱ ነው። ይህ ማማ ግን የጎረቤትን ጓሮ ጭምር የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱም የእኛን ዝርዝር እስኪያይ ድረስ አላሰበውም ነበር። ስንነግረው ደነገጠ፤ አብረነው ተቀምጠን ምስሎቹን ሁሉ አጠፋ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ሄደ። ሦስት ሰዎች መጥተው ስማችንን ሰርዙልን አሉ። ከእነሱ አንዷ እናት ናቸው። «እኔ ምንም አልፈራ፤ ልጄ ግን የመንግሥት ሥራ ላይ ነው» አሉን። ስማቸውን ሰረዝን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር መርምረን ለጀመዓው ማስረዳት ግዴታችን ነው ብለን ያዝን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ብዙዎቻችን ፓስወርድ ካለን፣ መልእክታችንም በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ከሄደ ተጠብቀናል ብለን እናምናለን። ፓስወርድ የሳጥን ቁልፍ ነው። ምስጠራ ደግሞ ደብዳቤውን በመንገድ ላይ የሚጠብቅ የታሸገ ፖስታ ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ነገር ግን ደብዳቤው የሚነበበው ከፖስታው ወጥቶ ነው። ስክሪኑ ደብዳቤው የሚገለጥበት ቦታ ነው። የስክሪን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ቁልፉን አይሰብርም፣ ፖስታውንም አይቀድም፤ ከትከሻችን ኋላ ቆሞ ስናነብ አብሮን ያነባል። የኪቦርዱን ምት የሚመዘግብ ፕሮግራም የጻፍነውን ብቻ ይይዛል። ስክሪኑን የሚቀዳው ግን ሌላ ሰው የጻፈልንንም፣ ያየነውንም፣ ከፍተን የዘጋነውንም ይይዛል። የእኛ ዝርዝር ፋይሉ ሲጠፋ ያልጠፋው ለዚህ ነው። ፋይሉ ሌላ፣ የፋይሉ ፎቶ ሌላ ነው።

ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ከየት ይመጣል? አደጋውን ያከበደው ማሽኑ ፎቶውን ማንበብ መቻሉ ነው። ይህ ዘዴ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኦሲአር ይባላል። ምስሉን ጥቁርና ነጭ ያደርጋል፣ መስመር በመስመር ይለያል፣ የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ ከተማረው ጋር ያመሳስላል፣ በመጨረሻም ተፈላጊ ጽሑፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሺህ ፎቶ ማገላበጥ ቀርቶ አንድ ቁጥር መጻፍ ይበቃል።

የእኛ ፊደል ለዚህ ማሽን ከባድ ነው። ከላቲን 26 ፊደላት ጋር ሲተያይ የእኛዎቹ 33ቱ በሰባት ሰባት ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። በዚያ የጽሕፈት ቤት ማሽን ላይም የአማርኛው ስም ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ሆኖ ነበር የተነበበው። ያጋለጠን ስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ ለማሽን ቀላል ነው። ስማችንን ፊደላችን ሸሸገው፤ ስልካችን ግን ራቁቱን ቀረ።

ፊደላችን ይሸሽገናል ብለን እንዳንዘናጋ ደግሞ ይህን እወቁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወርቁ ዓለሙ የአማርኛን ፊደል በማሽን ስለማንበብ የመመረቂያ ጥናት የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከእሳቸው በኋላ ሚሊዮን መሸሻን የመሳሰሉ ምሁራን ሥራውን ገፉበት። እ.ኤ.አ. በ2019 ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቻቸው ማሽን የሚሠለጥንባቸውን ከ337 ሺህ በላይ የአማርኛ መስመሮች ምስል ለተመራማሪዎች አቀረቡ። ቴሰራክት የሚባለው ማንም በነጻ የሚወስደው ፕሮግራምም አማርኛ ያነባል። ይህ በራሱ ጥሩ ሥራ ነው። የአባቶቻችን የወሎ ኪታቦች ወደ ኮምፒውተር የሚገቡት፣ ማየት የተሳነው ወንድማችን መጽሐፍ የሚነበብለት በዚሁ ዕውቀት ነው። ቢላዋውን አንነቅፍም፤ የምንጠይቀው በማን እጅ እንዳለና ማንን እንደሚቆርጥ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይህ የሱቅ ጉዳይ ነው፤ እንደኛ ያለውን ድሃ ማን ይሰልላል?» ትሉ ይሆናል። የአገራችንን የቅርብ ታሪክ እናስታውሳችሁ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም አንድ ጥናት አወጣ። ፊንስፓይ የተባለው ለመንግሥታት ብቻ ይሸጣል የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ላይ ሰርቨር እንዳለው አሳየ። ሰዎችን ለማጥመድ የተጠቀመበት ማባበያ ደግሞ የተቃዋሚ ፖለቲከኞች ፎቶ ነበር። ፊንስፓይ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ዛሬ የምንነጋገርበት ነው፦ የስክሪን ፎቶ ያነሳል፣ የኪቦርድ ምት ይመዘግባል፣ የስካይፕ ንግግር ይቀዳል።

ያንን ጥናት ተከትሎ በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩን አስመረመረ። ለቤተሰቡ ደህንነት ሲል በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው የቀረበው። በክሱ እንደተገለጸው ኮምፒውተሩ የተበከለው በኢሜይል በመጣ የወርድ ሰነድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ ሲሰለል ቆይቷል። ወላጆች ሆይ፣ ከተቀዱት ነገሮች አንዱን ስሙ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጁ ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራው ስለ ስፖርት ሕክምና ታሪክ ኢንተርኔት ላይ ያደረገው ፍለጋ። ስለላ አንዴ ቤት ከገባ አባትና ልጅ አይለይም። የፈለጉት የአባትየውን ፖለቲካ ነው፤ ያገኙት ደግሞ የልጁን የቤት ሥራ ጭምር ነው።

ሰውየው የኢትዮጵያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ክሱ ውድቅ ተደረገ፤ በመጋቢት 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ፍርድ ቤቱ ስለላ አልተፈጸመም አላለም። ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይጠብቀዋል ነው ያለው። እንግዲህ በአሜሪካ ጠበቃ ያቆመ ሰው እንኳ በር ከተዘጋበት፣ የቆቦ ሰው ከጉዳት በኋላ ፍርድ አገኛለሁ ብሎ መዘናጋት የለበትም። ጥንቃቄው ቀድሞ ነው።

በታኅሣሥ 2006 በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የኢሳት ቴሌቪዥን ሁለት ሠራተኞች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞከረባቸው። ጽሑፍ የሚመስል ፋይል በስካይፕ ተላከላቸው፤ ውስጡ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ነበር። በ2009 መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ከኢሬቻው ሐዘን በኋላ ባሉት ቀናት፣ በውጭ ለሚኖረው ለጃዋር መሐመድ ቪዲዮ እይ የሚል ኢሜይል ተላከለት። ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ የተባለውን ፕሮግራም አድስ ይላል፤ ማደሻው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 መጀመሪያ ይህን ሲያጋልጥ የተጠቁ ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች መገኘታቸውን ገልጿል።

አንድ ቀን ደግሞ እኛ ሙስሊሞች አንረሳውም። ሰኔ 28 ቀን 2007 ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰበረና የውስጥ ሰነዶቹ በአደባባይ ተበተኑ፤ ከደንበኞቹ መካከል የአገራችን የመረጃ መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ተገኘ። በማግስቱ ሰኔ 29፣ በተከበረው ረመዳን፣ በአዲስ አበባ ልደታ ያለው ፍርድ ቤት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና ሌሎች ወንድሞቻችንን በሽብር ሕጉ ጥፋተኛ አላቸው። ሐምሌ 27 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ሁለቱ ዜናዎች አንዱ የሌላው ምክንያት ናቸው አንልም፤ ያንን የሚያሳይ ማስረጃ የለንም። የምንለው በዚያ ዘመን ጥያቄ ያለው ዜጋና ስክሪን የሚቀዳ መሣሪያ በአንድ አገር ውስጥ አብረው እንደነበሩ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከመቶ በላይ ሰዎችን አነጋግሮ ባወጣው ሪፖርት፣ የተያዙ ሰዎች በምርመራ ላይ የስልክ ጥሪያቸው ዝርዝርና የተቀዳ ንግግራቸው እንደቀረበባቸው ተናግረዋል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከመንግሥታት እጅ ወጥቶ ወደ ማንኛውም ሰው ጠረጴዛ ቀርቧል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሪኮል የሚባል ነገር አስተዋወቀ። ኮምፒውተሩ ራሱ በየጥቂት ሰከንዱ የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ባለቤቱ በኋላ እንዲፈልግበት ያስቀምጣል። ባለሙያዎች መዝገቡ ሳይመሰጠር እንደሚቀመጥ ሲያሳዩ ጩኸት ተነሳ። ኩባንያው ሥራውን አዘገየ፣ መዝገቡን መሰጠረ፣ ባለቤቱ ራሱ ካልፈቀደ እንዳይሠራ አደረገ፤ በሚያዝያ 2025 ለአዳዲስ ኮምፒውተሮች ለቀቀው። በዚህ ውስጥ ለእኛ ትምህርት አለ። ሰዎች በሰላም ስለጮኹ ትልቅ ኩባንያ አቋሙን አስተካከለ።

በስልክም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ካስፐርስኪ የተባለው የደህንነት ኩባንያ፣ በጎግልና በአፕል መደብሮች ውስጥ ሳይቀር የስልክ ፎቶዎችን በኦሲአር እያነበቡ የገንዘብ ምሥጢር የሚለቅሙ አፕሊኬሽኖች ማግኘቱን አስታወቀ። የስም ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንስተን ጋለሪ ውስጥ የምንተው ሁሉ እናስብበት።

የተከበራችሁ ጀመዓ፣ ዲናችን በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። በሱረቱ ኑር የሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ መግባት ተከልክሏል። ኡለማዎቻችን እንደሚያስተምሩን ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ዐይን ያልተፈቀደላትን እንዳታይ ነው። ስለ ኻሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በኪታቦች የሚተረከውንም ታውቃላችሁ። ሌሊት ሲዞሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው አጥር ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በወንጀል ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ አንድ ጥፋት ካጠፋሁ እርስዎ ሦስት አጥፍተዋል፤ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ አላስፈቀዱም አላቸው። ዑመርም ትተውት ሄዱ ይባላል። በአጥፊው ላይ እንኳ ይህ ከሆነ፣ የመቃብር ቦታ በሕግ በጠየቀ ሰው ላይ እንዴት ይሆናል?

የምድሩም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያከብራል። በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል። ገደብ የሚጣለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በሕግ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትንና ግንኙነትን መጥለፍን ወንጀል አድርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ የሃይማኖት እምነትንም ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው መረጃዎች ቆጥሮታል። ሕጉ ተጽፏል። እንዲሠራ መጠየቅ የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከእንግዲህ በጽሕፈት ቤት የሚጻፈው የአቤቱታው ደብዳቤ ብቻ ነው። ስም፣ ስልክና ፊርማ በእስክሪብቶ በወረቀት ላይ ይሞላል። ዋናው ወረቀት በአንድ ተጠያቂ አማነኛ እጅ ይቀመጣል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላላክ ቀርቷል።

ሁለተኛ፣ በኪራይ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይላችንን፣ ፌስቡካችንን፣ ባንካችንን አንክፈት። «ስጨርስ አጠፋዋለሁ» ማለት መፍትሔ አይደለም። «ኔት የለም» ማለትም አይደለም። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራትም ማሽኑ ፎቶውን ሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ ኔት ሲመጣ ይልከዋል።

ሦስተኛ፣ ለመስጂዱ ሥራ አንድ ላፕቶፕ እናዋጣ። ያገለገለ ቢሆንም ሁሉ ነገሩ ጠፍቶ እንደ አዲስ ይጫንበት፤ ዲስኩ ይመስጠር፤ ማንም ከመንገድ ያገኘውን ፍላሽ አይሰካበት።

አራተኛ፣ ባልጠበቅነው መልእክት የመጣን ፋይል አንክፈት፤ የምናውቀው ሰው ቢልከው እንኳ ደውለን እንጠይቅ። ቪዲዮ ለማየት ይህን አድስ የሚለንን ሁሉ እንዝጋ። ኢሳትም ጃዋርም የተሞከረባቸው በዚህ በር ነው።

አምስተኛ፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ቢሮ ያላችሁ ወንድሞች፣ ኮምፒውተራችሁን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ካላችሁ ለሠራተኛውም ለደንበኛውም ንገሩ። ያ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ዛሬ ግድግዳው ላይ «ይህ ኮምፒውተር የስክሪን ፎቶ ያነሳል» የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ ደንበኛ ሲጠይቅም ፕሮግራሙን ያጠፋል። አላህ ኸይር ይመንዳው። አንዲት ወረቀት ናት፤ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ግን እሷው ናት።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ስለላን የሚከለክለው የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ክፉ ጥርጣሬንም ሐሜትንም ይከለክላል። ይህን ሰምታችሁ ስትወጡ ጎረቤታችሁን፣ ያንን የጽሕፈት ቤት ልጅ፣ ስማቸውን ያሰረዙትን ሰዎች በክፉ ዐይን እንዳታዩ። ልጁ ሊደብቀው ይችል ነበር፤ አማናውን አስቦ መጥቶ ነገረን። ስም ያሰረዙትም ከዲናቸው አልወጡም፤ እኛ ስላላጠበቅንላቸው ነው የፈሩት። የስለላ ትልቁ ጉዳት ምስጢር ማውጣቱ ብቻ አይደለም። እርስ በርስ እንዳንተማመን ማድረጉ ነው።

ጥያቄያችንም የሚደበቅ አይደለም። የመቃብር ቦታ በሕግ፣ በወረቀት፣ በስማችን ነው የምንጠይቀው። ለሚመለከተው ቢሮ እኛው ራሳችን የምንሰጠው ዝርዝር ነው። የምንጠብቀው ጥያቄያችንን አይደለም፤ አምኖን ስሙን የሰጠን ሰው ሳያውቅና ሳይፈቅድ ስሙ ሌላ ቦታ እንዳይገኝ ነው። እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት አዲሱ ወረቀት በእጅ እንደሚሞላ ሲሰሙ ተመልሰው መጡ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። «አሁን በደንብ አስቀምጡት» አሉን።

እናስቀምጠዋለን፣ ኢንሻአላህ። ያለፈውን ጥፋታችንን አውፍ በሉን። አላህ አማና ጠባቂዎች ያድርገን፤ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለራያ ምድር ዝናቡን ያውርድልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።